ሳይከፈት የገቡት

ፍሬው የበጉን ላት በመዳፉ መዘነ። ከሱፉ ሥር ጣቱ ጠንካራ ነገር ነካ።

የስልኩ ሚሞሪ ካርድ አለ።

የመሐል ሜዳ ገበያ ጢም ብሏል። ከጀርባው የባለጸጋው የሸዋንዳኝ ሰዎች ያገኙትን በግ ሁሉ ያለ ክርክር እየገዙ አይሱዙ ላይ ይጭናሉ። ፍሬውም ከደብረ ብርሃን የመጣ በግ ነጋዴ መስሎ ከርሟል። የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው «ጅብራ» በሚል ስም ነው።

«ስንት አልሽ፣ እትዬ?»

«ዋጋዬን ተናግሬያለሁ። ይልቅ ላቱን በደንብ ዳብሰው!»

በጉን የያዘችው ደብሪቱ የሸዋንዳኝ ምግብ አብሳይ ናት። አምና «ግብር ቀርቷል፤ መንግሥት የሚፈልገውን ብር እያተመ ያወጣል» ሲባል አገሬው እልል ብሎ ነበር። ግብር የሚወድ ማን አለ? ግን አዲስ ብር በወጣ ቁጥር ዋጋ ሰማይ ይነካል። የሚወጣበትን ቀን አስቀድሞ የሚሰማ ሰው ደግሞ የገበሬውን በግና ገብስ በአሮጌው ዋጋ ጠርጎ ይወስዳል። ላለው ይጨመርለታል ማለት ይኼኔ ነው። ሸዋንዳኝ ቀኑን ይሰማል። ማን እንደሚነግረው ደብሪቱ በስልኳ ቀድታዋለች።

ጣቱ የታሰረበትን ክር በጠሰ። ሚሞሪው እጅጌው ውስጥ ገባ።

«የጋራ ሣራችን ጓሳ እንኳ ሲዘጋ ለሁሉም ነው፣ ሲከፈትም ለሁሉም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ቀኑ ሳይደርስ ገብቶ ያጨደ ጉዱ ይፈላል። እነዚህ ግን ሳይከፈት ገብተው አጭደው ጨረሱን። ባለፈው በጎቼን ሸጬ በብሩ አንዲት መልሼ መግዛት አቃተኝ። ታስቆሟቸዋላችሁ አይደል?»

«እናስቆማቸዋለን።»

ሲናገር አምኖበት ነው።

አለቃው ማዕረግ ያረፈበት ሆቴል ክፍል ውስጥ ሆነው ቅጂውን አደመጡት። አንድ ትልቅ ሹም ለሸዋንዳኝ «ሐሙስ ይወጣል፣ እስከዚያ ሰብስብ» ይላል። መጨረሻው ላይ የሴት ድምፅ ተሰማ። «ጋሼ፣ ምሳ ቀርቧል።»

ፍሬው ደነገጠ። ያንን ቆርጦ ማውጣት ነበረበት።

«ግሩም ሥራ ነው» አለ ማዕረግ። «ቀዳዳውን አገኘኸው። ተልዕኮህ አለቀ።»

«መቼ ይደፈናል?»

«ማን ይደፈን አለህ? ከእንግዲህ ሹሙ መጀመሪያ የሚነግረው ለእኛ ነው።»

ስልኩን አነሣ። «አቶ ሸዋንዳኝ፣ ቅጂው እጄ ገብቷል። ድርሻዬ እንደተነጋገርነው ይሁን። የቀዳችው ምግብ አብሳይዎ ናት።»

ፍሬው ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

ዘግይቷል።

ገበያው ሲደርስ ሁለት ፖሊሶች ደብሪቱን ክንዷን ይዘዋታል። በስርቆት ነው ተባለ። ዓይኗ ፍሬው ላይ አረፈ፤ አንደኛው ፖሊስም ዞሮ አየው።

«ይኼን ሰው ታውቂዋለሽ?»

እሱን ለማስያዝ አንድ ቃል ትበቃ ነበር።

«በጌን የገዛኝ ነጋዴ ነው» አለች። «ዋጋ ሰብሮብኝ ነው የማየው።»

ወሰዷት። ፍሬው ጥቂት ተከትሏቸው ቆመ። ልጩህ ቢል ለማን ይጮኻል? ሰሚው ማዕረግ ነው።

ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ ጥግ ያዘ። ስልኩ ላይ ከመሥሪያ ቤቱ መልእክት ገባ፤ አዲስ ስም፣ አዲስ ከተማ።

አጠገቡ የተቀመጡ ሽማግሌ ፊታቸው በርቷል። በጋቢያቸው ሥር የብር ጥቅል አቅፈዋል።

«በጎቼን አንድም ሳላስቀር ሸጥኳቸው፣ ልጄ። እንዲህ ያለ ገዢ አይቼ አላውቅም። ደግ አደረግሁ?»

ፍሬው ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ደግ አደረጉ፣ አባቴ።»