ዘጠኝ ሲሞላ ጥሩኝ

አዘጋጁ ከመጋረጃው ወጥቶ «ዋርካው ሞቷል፤ ዛሬ ትርኢት የለም» ሲል፣ አዳራሹን የሞላው ሕዝብ በሳቅ ፈረሰ። እጁን እያርገበገበ ሁለተኛ ቢናገር ጭብጨባው ባሰ። ሦስተኛ ሊናገር ብሎ ከንፈሩ ተንቀጥቅጦ ሲቀር፣ ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ፣ ረድፍ በረድፍ እየጠፋ ሄደ።

መርማሪዋ ስትደርስ ሕዝቡ ገና ከደጁ አልተበተነም። ባልደረቦቿ «እትዬ ድገሙልኝ» የሚሏት ሴት ናት። ሰው የነገራትን ሁሉ መልሳ ታስነግረዋለች። «ሰው መጀመሪያ ሲናገር ያሰበውን ይናገራል፤ ሲደግም ግን የሰማውን» ትል ነበር።

ሟቹ በመልበሻ ክፍሉ አሮጌ ሶፋ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ቁመቱም ውፍረቱም ከሰው ሁሉ በላይ ስለነበረ ከተማው ዋርካው ይለዋል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ከሰዓት የከተማዋን ሰልፍ፣ የከተማዋን ጉድጓድና የከተማዋን ሹማምንት በጭውውት ሲያስቅ ኖሯል። አሁን ማጅራቱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ግን በኃይል ተመትቷል። የመጋረጃው ገመድ የሚታሰርበት አጭር ብረት ተወልውሎ ከሶፋው ሥር ወድቋል። መስኮቱ በፍርግርግ የታጠረ ስለሆነ መግቢያውም መውጫውም የኮሪደሩ በር ብቻ ነው።

ሐኪሙ ሬሳውን አገላብጦ አይቶ፣ ሰውየው ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ በእንቅልፍ ላይ እንዳለ መመታቱን ነገራት። አፉንም ከፍቶ አሳያት። ከላይ ሁለቱ የፊት ጥርሶች በዕለቱ ተነቅለዋል፤ ከንፈሩ አብጧል፤ ድዱ ላይ ጥጥ ተጠቅጥቋል።

ከመስታወቱ ሥር በእጅ የተጻፉ ወረቀቶች ተዘርግተዋል። ርእሱ «ቆጣሪ አንባቢው ሰማይ ቤት» ይላል። ቆጣሪ አንባቢው የሚባለውን ገጸ ባሕርይ የማያውቅ በከተማው የለም። እየተንተባተበ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ በየቤቱ የውኃ ቆጣሪ የሚያነብ፣ ቁጥር ሲጠፋበት ከአንድ የሚጀምር ምስኪን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ዋርካው በእሱ ነበር ሰውን የሚያስቀው። በአዲሱ ጭውውት ቆጣሪ አንባቢው ውኃ ውስጥ ሰጥሞ ይሞትና ሰማይ ቤት ይደርሳል። የደጁ ጠባቂም «ስንት ኪዩብ ጠጥተህ መጣህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። መርማሪዋ ይህን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው አዘጋጁን ነው።

«ስምንት ከሃያ ላይ በሕይወት ነበር» አላት። «ከገምጋሚው ጋር ሆነን በሩን አንኳኳን። ከውስጥ ተቀርቅሯል።»

ገምጋሚው ማለት ከከተማው አስተዳደር እየመጣ፣ ጭውውቱ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት በቀይ እስክሪብቶ የሚሰርዝ ሰው ነው።

«መልስ ሰጣችሁ?»

«‹ትንሽ ልረፍ፤ ዘጠኝ ሲሞላ ጥሩኝ› አለን።»

«እስቲ ይድገሙልኝ። እሱ እንዳለው አድርገው።»

አዘጋጁ ድምፁን አወፍሮ ደገመላት። ገምጋሚውም ለብቻው ሲጠየቅ ያችኑ ቃል ሳያዛንፍ ተናገረ። ድምፁ ጥርት ያለ እንደነበር ብትጠይቀው «እንደ ደወል» አላት።

ስለዚህ ነገሩ ተቋጠረ። ስምንት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ አዘጋጁ ሁሉንም ለልምምድ ጠርቷቸዋል፤ እስከ ዘጠኝ ድረስም ማንም ከማንም ዓይን አልተለየም። ዘጠኝ ላይ አዘጋጁ ሊጠራው ሲመለስ በሩ ሳይቀረቀር፣ ሰውየው ሞቶ አገኘው። ዋርካው ስምንት ከሃያ ላይ ከተናገረ፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እስኪወስደው ጠብቆ ሊገድለው የሚችል ሰው በቤቱ ውስጥ አልነበረም። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ገዳዩ ከውጭ የመጣ ነው ብሎ ደምድሟል። የኋላ በሩ ዘበኛ ግን ባዕድ ሰው ዝር እንዳላለ ይምላል።

አዘጋጁ ሳይጠየቅ ሌላም ነገር ነገራት። ድሮ የሚቀልዱት በከንቲባውና በሹማምንቱ ላይ ነበር። ቀይ እስክሪብቶው ሲበዛባቸው፣ ገምጋሚውም ባለሥልጣን አይነካ እንጂ በሌላው እንደፈለጋችሁ ሳቁ ሲላቸው፣ ወደ ታች ወረዱ፤ ወደ ተላላኪው፣ ወደ ጽዳት ሠራተኛው፣ ወደ ቆጣሪ አንባቢው። «ለእኛም ቀለለን» አለ፤ የተናገረው አሳፍሮት ጫማውን እያየ።

የሟቹ ሚስት ተዋናይ ናት፤ ስምንት ከሃያ ላይ በአልባሳት ክፍል ለብቻዋ ልብስ ትተኩስ ነበር። ባልዋን ቀትር ላይ ጥርስ ሐኪም ዘንድ የወሰደችው እሷ ናት፤ መኪናውን የነዳው ደግሞ ቀጮ የሚባለው ተዋናይ። ዋርካው ጥርሱ ከወለቀ በኋላ ፊደል እንደጠፋው ነገረቻት። «ልረፍ» ማለት ፈልጎ «ልረህ» ሲል፣ መኪና ውስጥ እየሳቁ እንደመጡ ስትናገር እንባዋ ቀደማት።

«ለማንም እንዳትናገሩ ብሎ አስማለን» አለች። «መድረክ ላይ ወጥቶ ድንገት ሊያሳያቸው ነበር። በኋላ በኩል ባለው በር አስገባነውና በመሐረብ አፉን ሸፍኖ ሄዶ ተኛ።»

መርማሪዋ እርሳሷን አቁማ ቆየች። ከዚያ ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጽፋ ከሥሩ አሰመረች።

ቀጮ የሰው ድምፅ በመቅዳት ከዋርካው ሌላ ተወዳዳሪ የለውም፤ የከንቲባውን ድምፅ ሲያወጣ የከንቲባው ሾፌር ይነሳል ይባልለታል። ትናንት ከዋርካው ጋር በአንድ ገጸ ባሕርይ ተጣልቶ ወንበር ወርውሯል። ስምንት ከሃያ ላይ ግቢው ውስጥ ለብቻው ሲያጨስ ነበር። ፖሊሱ በዓይኑ «ይኸው ሰውሽ» አላት። እሷ ግን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዋርካው ከተነቀለለት በኋላ እንዴት ይናገር እንደነበር። ቀጮ ድድና ምላሱን አጋጥሞ፣ በተንጠለጠለ ከንፈር አሳያት። ሚስትየዋ ከዳር ሆና ስትሰማ ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ ባሏን ነበር የሰማችው።

የመጨረሻዋ አስታዋሿ ነበረች። ከመጋረጃ ኋላ ዝቅ ብላ ተቀምጣ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ በሹክሹክታ የምትነግር፣ ተመልካች እንዳያያት ዘወትር ጥቁር የምትለብስ፣ አርባ ዓመት የደረሰች ሴት ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት ለሦስት ቀን ታምማ ከመቅረቷ በስተቀር አንድ ቅዳሜ አጉድላ አታውቅም። የዛሬውን ጭውውት ግልባጭ አዘጋጁ ስምንት ሰዓት ላይ እንደሰጣት፣ ከዚያም በቦታዋ ሆና ስታነበው እንደቆየች ነገረቻት። አዘጋጁ ምን እንዳላት መርማሪዋ ስትጠይቃት «‹ቶሎ አንብቢው፣ ጊዜ የለንም› አለኝ» ብላ መለሰች። መርማሪዋ ሳታስበው ወደ በሩ ዞረች፤ አዘጋጁ የገባ መስሏት ነበር። በሩ ላይ ማንም የለም።

«ዋርካውን ዛሬ አግኝተሽዋል?»

«ከትናንት ወዲህ ቃል አልተነጋገርንም።»

ከዚያ ወጥታ፣ ከከተማው ዳር ካለው የውኃ ግድብ አጠገብ ወደሚገኘው ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ደወለች። በቅርቡ በግድቡ ውስጥ የሰጠመ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀች። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የውኃ ቆጣሪ አንባቢ መሞቱን ነገሯት። አስከሬኑን ማን ፈርሞ እንደወሰደ ስትጠይቅ፣ ጸሐፊው መዝገብ አገላብጦ ስሙን አነበበላት። መርማሪዋ እንዲደግምላት አልጠየቀችም።

በማግሥቱ ጠዋት ሁሉንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው። አዳራሹ ባዶ ነው። አምስቱ ሰዎች በትርኢት ወንበሮች ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ እሷ ቆማ ቀረች።

«ከመስኮት የገባ የለም፤ በኋላ በርም የገባ የለም» ብላ ጀመረች። «ገዳዩ ከእናንተ አንዱ ነው። ሁላችሁንም ነጻ ያወጣችሁ ከበሩ ጀርባ የተሰማው ድምፅ ነበር። ዋርካው ግን ትናንት ‹ልረፍ› ማለት አይችልም ነበር። ‹ፍ› የምትባል ፊደል አልነበረችውም። አዘጋጁና ገምጋሚው የሰሙት ግን ሙሉ ጥርስ ያለው ሰው ነው።»

አዘጋጁ ወደ ገምጋሚው ዞረ።

«ስለዚህ ስምንት ከሃያ ላይ ዋርካው ሞቷል፤ በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ በስሙ የመለሰው ገዳዩ ነው። አዘጋጁና ገምጋሚው አብረው ኮሪደሩ ላይ ስለነበሩ እነሱ አይደሉም። ሦስት ሰዎች ብቻቸውን ነበሩ። ሁላችሁም ቀጮን ታያላችሁ፤ እኔም አይቼው ነበር። ነገር ግን ቀጮ ጥርሱ ሲነቀል አብሮ ነበር። ሚስትየዋም አብራ ነበረች። እነሱ ቢሆኑ ኖሮ እንደተነቀለው አድርገው ይናገሩ ነበር። ይህ ሰው የተናገረው የትናንት ወዲያውን ዋርካው ነው። ጥርሱ መነቀሉን አያውቅም።»

 ሁሉም ቀስ በቀስ ወደ አንድ ወንበር ዞሩ።

«እሷ እኮ ተዋናይ አይደለችም» አለ ገምጋሚው።

«ተዋናይ ሲቀር በልምምድ ቦታውን የሚሸፍነው ማን ነው?» ብላ መርማሪዋ አዘጋጁን ጠየቀችው።

«እሷ ናት» አለ በቀስታ። «የሁሉንም ታውቃለች።»

መርማሪዋ ወደ አስታዋሿ ቀረበች። «ጥቁር ሁልጊዜ ስለምትለብሺ ሐዘን ላይ መሆንሽን ያየልሽ የለም። ቆጣሪ አንባቢው ታናሽ ወንድምሽ ነበር። እውነት ነው፣ እህቴ?»

ሴትዮዋ አልካደችም። ስትናገር የማንንም ሳይሆን የራሷን ድምፅ ተናገረች፤ ቀጭንና ደረቅ ነበር።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለች። «ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ይንተባተብ፣ እግሩንም ይጎትት ነበር፤ በመልበሻ ክፍሉ ቁጭ ብለን ስንጫወት ለዋርካው እያስመሰልኩ አሳየሁት። እኔም ስቄያለሁ። በሳምንቱ መድረክ ላይ አየሁት። ከዚያ ልጆች በየመንደሩ ከኋላው እግራቸውን እየጎተቱ ይከተሉት ጀመር። ቆጣሪ ሊያነብ ሲያንኳኳ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ በር ላይ ይስቅበታል። ‹እህቴ፣ ሰዎቹ ምን አድርጌያቸው ነው?› ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ግድቡን ላንብብ ብሎ ወጣ።»

በጥቁር እጅጌዋ ፊቷን ጠረገች።

«ዋርካው ቀብሩ ላይ መጥቶ አልቅሷል። ሁለተኛ አልነካውም ብሎ ምሎልኛል። ትናንት ግልባጩን ሳነብ በግድ አስጽፈውት ነው ብዬ ልጠይቀው ገባሁ። ተኝቷል። ወረቀቱ መስታወቱ ሥር ነበር፤ በራሱ እጅ የተጻፈ። ‹ስንት ኪዩብ ጠጥተህ መጣህ› የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰርዞ ነው የጻፈው፤ ይበልጥ እንዲያስቅ። ያ አጭር ብረት እዚያው አጠገቡ ነበር።»

«በሩ ሲንኳኳ ለምን መለስሽ?»

«አሥራ ሁለት ዓመት እሱ ቃል ሲጠፋበት የምናገርለት እኔ ነኝ» አለች። «ዝም አለ፤ ተናገርኩለት። ለመዳን አይመስለኝም። ልማድ ነው።»

ገምጋሚው ጭውውቱን ያሳለፈው ባለሥልጣን ስለማይነካ ብቻ እንደሆነ ሊያስረዳ ጀመረ፤ የሰማው የለም። አዘጋጁ ያለቅስ ነበር። መርማሪዋም በዓመቱ ውስጥ እዚሁ አዳራሽ ቁጭ ብላ፣ ስንት ቅዳሜ በዚያ እግር አጎታተት እንደሳቀች ልትናገር ፈልጋ ተወችው፤ ለማንም የሚጠቅም ነገር አልነበረም።

አስታዋሿን ሊወስዷት ሲሉ፣ ለማን ይነገርልሽ ብላ መርማሪዋ ጠየቀቻት። ከእናቷ በስተቀር ሰው እንደሌላት ተናገረች። እናቷ ልጃቸው በሥራ ላይ እግሩ አንሸራትቶት የሞተ ነው የሚመስላቸው፤ እንደዚያው እንዲቀር ለመነች። መርማሪዋ ፖሊስ ልትልክ አስባ ነበር። ሐሳቧን ለውጣ ራሷ ሄደች።

አሮጊቷን በአንዲት ንጹሕ ክፍል፣ ከአልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የሴት ልጃቸው የሥራ ባልደረባ መስላቸው በደስታ ተቀበሏት፤ ወንበሩ ላይ ያለውን ልብስ አንስታ እንድትቀመጥ ነገሯት። ልጃቸው ትናንት ለምን እንዳልመጣች ጠየቁ፤ እሷ መልስ ከማግኘቷ በፊትም ራሳቸው ቀጠሉ።

«ትያትሩ በዝቶባት ይሆናል። ግን ንገሪያት፣ ማታ ማታ ብቻ አትቅርብኝ። ታናሹ ከሞተ ወዲህ ከሥራ ስትገባ መብራቱን አጥፍታ በሱ ድምፅ ታወራኛለች። ‹እማዬ፣ ዛሬ ስንት ቤት አነበብኩ መሰለሽ?› ትለኛለች። ራሱ ነው። መንተባተቡ ሁሉ አልቀራት። ይኼን ስሰማ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።»

መርማሪዋ ከወንበሩ ተነስታ አጠገባቸው ተንበረከከች፤ ሁለቱንም እጃቸውን ያዘች።

«እማማ» አለች፤ «እስቲ ይቀመጡ፣ የምነግርዎ አለኝ።»

«ተቀምጫለሁ እኮ፣ ልጄ» አሉ አሮጊቷ።