ሸጊቱ በአዳራሹ መሀል የጠየቀችው

ሸጊቱ ዲያቆን ላቀውን እንዴት እንደወደደችው ብትሰሙ! ከዳባት ስትመለስ መኪናው ተበላሽቶ፣ በረዶው እንደ ጠጠር ሲወርድባት፣ አንድ የማታውቀው ልጅ ጃንጥላውን ሰጣትና እሱ በሰበሰ። በቃ! ከዚያ ወዲህ ዓመት ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ደጅ መተያየት ብቻ። «ደህና አደርሽ?» «እግዜር ይመስገን።» ሌላ ቃል የለም!

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ዲያቆን ቄስ የሚሆነው በቁርባን ካገባ ነው። ሸጊቱ ደግሞ የቀበሌው ወጣቶች ማህበር ጸሐፊ ናት። የማህበር ሰው በቤተ ክርስቲያን አገባ ከተባለ አለቀለት።

በሰባ ስምንት፣ በሰኔ፣ የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ለውይይት ደባርቅ መጣ። አዳራሹ ጢም አለ። ካድሬው አነበበ፤ «የሃይማኖት ነፃነት የተረጋገጠ ነው።» ሽማግሌዎቹ «እሰይ!» አሉ። እሱ ግን አልጨረሰም ነበር። «ይሁን እንጂ ነፃነቱ ከመንግሥትና ከአብዮቱ ጥቅም ጋር በሚቃረን መንገድ አይሠራበትም።»

ሽማግሌዎቹ «እሰይ» ያሉበትን አፍ በጋቢ ሸፈኑ።

«ጥያቄ ያለው?»

ማን ደፍሮ! ሸጊቱ አንድ እጅ ሲነሳ አየች። የራሷ እጅ!

«ጓድ፣ በቁርባን ማግባት አብዮቱን ይጎዳል ወይ?»

ጥግ የተቀመጠው ላቀው ቀና አለ። እንዲህ አይቷት አያውቅም፤ ታቦት ሲወጣ እንደሚያይ ሰው!

«ማን ሊያገባ ነው?» አለ ካድሬው።

«እኔ።»

«ጸሐፊ ሆነሽ?»

«እንግዲያው ጸሐፊነቱን ውሰዱት።» የጽሕፈት ቤቱን ቁልፍ ከመቀነቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«አቶ ይግዛው፣ ልጅዎን ይሰማሉ?» አለ ካድሬው።

አባቷ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ። «አለቀልኝ!» አለች በልቧ። እሳቸው ግን ካድሬውን ትተው ላቀው ላይ አፈጠጡ፤ ለካ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲተያዩ አይተው ኖሯል!

«አንተ ዲያቆን! ሰው ለጋብቻ ሽማግሌ ይልካል። አንተ ሕገ መንግሥት ትልክብኛለህ?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

ላቀው ላብ በላብ ሆነ። «አባቴ፣ እኔ እኮ... ገና እሷንም አልጠየቅኋት።»

«ታዲያ አፍህን ማን ያዘው?»

ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ ዞረላት። «ሸጊቱ... እሺ ትይኛለሽ?»

«ከዚህ ወዲያ ምን ልበልህ?» አለች፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና።

ካድሬው «ጥያቄው ወደ በላይ ይላካል» ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

መልስ ሳይመጣ ክረምቱ አለፈ፣ መስቀልም አለፈ። ሸጊቱና ላቀው በጥር ቆርበው ተጋቡ።