የጌጡ መቃ

አባባ ጌጡ በጀርባቸው እንደተንጋለሉ ሞተው ተገኙ። ቀትር ሳይሆን መንደሩ ፈረደ፤ ጌታነሽ ባሏን በጠርሙስ ውሃ ገደለችው ተባለ።

ኢንስፔክተር በዕውቀቱ ከራቤል ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ ቤት ውስጥ አራት ሰው አገኘ፤ ባለቤታቸውን እማማ ጌታነሽን፣ ከሞላሌ መጥቶ ያደረውን የወንድማቸውን ልጅ ይሥሐቅን፣ ጎረቤታቸውን ወሰኔንና የንስሐ አባታቸውን ቄስ መርስዔ ኃዘንን። ወሰኔ ውሃ ብታቀርብ እማማ ጌታነሽ በእጃቸው ገፉት።

«አያችሁ፣ ጥፋቷ አንቋት ነው!» አለ ይሥሐቅ። «እኔ ስገባ አጎቴ መቃውን ጠርሙሱ ውስጥ ከቶ እፍ ይል ነበር። ውሃው ትን አለውና ሞተ። ስትሮክ መትቶት መዋጥ ያቃተውን ሰው ጠዋት ማታ ታስነፋዋለች! እሰራት እንጂ ምን ትጠብቃለህ?»

«ሦስት ወር አስነፋሁት» አሉ እማማ። «የሆስፒታሏ ባለሙያ ሳሌም ናት ያሳየችኝ። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አየር ይሳብ፣ በመቃው ውሃውን ያንተክትክ፤ የመተንፈሻው ጡንቻ ሲበረታ ትን ያለውን አስሎ ይተፋል አለችኝ። ለፋሲካ ምራቁን እንኳ መዋጥ ያቃተው ሰው አሁን ወፍራም አጥሚት ይውጥ ጀመር። በስሜም ጠራኝ። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ጅል አይደለሁም።»

«እማማ፣ ይረጋጉ።»

«እዚህ የተረጋጋሁት እኔ ብቻ ነኝ። ይልቅ ትራሱን አሽትት።»

በዕውቀቱ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ጠላ ጠላ ይላል።

እማማ ወደ ይሥሐቅ ዞሩ። «ሲነፋ ተቀምጦ ነበር ወይስ ተኝቶ?»

«እንዳያችሁት፣ ተኝቶ።»

«ተኝቶ ነፍቶ አያውቅም!» ከግድግዳው ላይ መቃውን አወረዱ። «ይኸው፣ ክው ብሎ ደርቋል። ጠርሙሱም ማታ ሞልቼ እንዳስቀመጥኩት አፍ እስከ ገደፉ ነው። ወሰኔ፣ ዛሬ ጠዋት ጠላ የጠየቀሽ ማነው?»

«ይሥሐቅ» አለች ወሰኔ አቀርቅራ። «ለራሴ ነው ብሎ አንድ ጣሳ ቀዳሁለት። በፍልሰታ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ... ገርሞኝ ነበር።»

«አጎቴ ጠማኝ ብሎ ለምኖኝ ነው!» ይሥሐቅ ጮኸ።

«አባ፣ ይንገሩልኝ» አሉ እማማ።

«ዛሬ ሁለቱም ሊቆርቡ ነበር» አሉ ቄስ መርስዔ ኃዘን። «ከማታ ጀምሮ ውሃም አልቀመሱም።»

«ሰማህ? ሦስት ወር የነፋው ሥጋ ወደሙን ለመዋጥ ነው! እኔ ወደ ቅዳሴው በቃሬዛ የሚሸከሙት ሰዎች ልጠራ ስወጣ አንተ ገባህ። በሽተኛ አይጾምም ብለህ ተሳሳትክ። ጌጡ ዛሬ መቃም ጠላም አፉ አያስጠጋም። በተኛበት ጋትከው። ዱዳ ሆኖ ሳለ፣ ሳይታመም የገብሱን መሬት በቃሉ ሰጥቶኛል አልክ፤ አንደበቱ ሊፈታ ሲል ውሸቴን ያወጣብኛል ብለህ ፈራህ። ኢንስፔክተር፣ የለበሰውን ጋቢ ግለጥ!»

ኢንስፔክተሩ ገለጠው። የይሥሐቅ የእጅ አንጓ ላይ አራት ትኩስ የጥፍር ጭረት አለ። ጌጡ በደህናው እጃቸው ታግለዋል።

ካቴናው ሲቆለፍ ወሰኔ እያለቀሰች ውሃውን መልሳ አቀረበች። «አሁንስ ጉሮሮዎን ያርጥቡ።»

«ዞር በይልኝ!» አሉ እማማ ጌታነሽ ነጠላቸውን እያጣፉ። «ቅዳሴው አልወጣም። እሱን አስቀሩት፤ እኔን ማን ወንድ ያስቀረኛል?»

ደጅ የቆመውን ባዶ ቃሬዛ አልፈው ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጡ።