የእሑድ ሰባት ሰዓት ስልክ

እነሆ በዕለተ እሑድ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ በምድር ደቡባዊ ጫፍ በፑንታ አሬናስ ከተማ፣ በእትዬ አስካለ ቤት ምሳ ቀረበ።

ውብአንቺ ግን የመጣችው ለምሳ አይደለም። ከቦሌ ተነሥቶ ጠፈር ነክቶ በሚመለሰው አውቶቡስ ሁለት ሰዓት የተጓዘችው፣ የአባቷን የልብ ጓደኛ፣ የእትዬ አስካለን ባል ጋሽ ወንድይፍራውን ዓይን ለዓይን አይታ አንድ ነገር ልትነግራቸው ነው። ሰውየው ግን አልታዩም። መጀመሪያ «ተኝተዋል» አሏት። ቀጥሎ «ሐኪም ቤት ሄደዋል» አሏት። ተኝተው እንዴት እንደሄዱ ስትጠይቅ የእትዬ አስካለ ልጅ ምናሴ ሰላጣ አቀረበላት።

ተናደደች። የንዴቱ ግማሽ በራሷ ላይ ነው። አባቷ አቶ ደምመላሽ ከሞቱ አራት ዓመታቸው። ያኔ ወንድሞቿ «ጋሽ ወንድይፍራው ልባቸው ደካማ ነው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ሄዶ በወጉ ይነግራቸዋል» ብለው ወሰኑ። እስከዚያው ድምፅ ወራሽ ገዙ። ድምፅ ወራሽ የሳሙና ያህል መሣሪያ ነው፤ የሟችን ድምፅ፣ ሳቅና ሳል ይዞ በሟች ፋንታ ስልክ ያነሣል። ጋሽ ወንድይፍራው እሑድ እሑድ ሰባት ሰዓት ላይ ይደውላሉ፣ ዕቃው ይመልሳል። ሄዶ የሚነግራቸው ሰው ግን አራት ዓመት ሙሉ ሥራ በዛበት።

ባለፈው ወር ዕቃው ተበላሸ። ማንንም ሳያማክር «በሚቀጥለው ወር እኔው ራሴ እመጣለሁ» ብሎ ቃል ገባ። ጠጋኙ ከፍቶ አየና «ምንም አልሆነም» አለ። ላጥፋው ሲል ውብአንቺ እጁን ያዘችው፤ አባቷን ሁለት ጊዜ መቅበር አልሆነላትም። ቤት ብትተወው ደግሞ ሌላ ቃል ይገባል ብላ በቦርሳዋ ይዛው መጣች።

«ብዪ እንጂ ውብዬ፣ ከስተሻል» አሉ እትዬ አስካለ። «አባትሽስ? እመጣለሁ ብሎ አልነበር?»

«ጉልበቱን ትንሽ አሞት ነው።»

«እግዜር ይማረው። ሰላጣ ይጨመርልሽ?»

ውብአንቺ ሹካዋን ወረወረችው። «ሰላጣ ልበላ ነው እስከ ዓለም ጫፍ የመጣሁት? ምናሴ፣ አትቀልድብኝ! ድሮም እንዲህ ነህ፤ ጥርሴን ሰብረህ ድመቷ ናት ያልክ ሰው!»

«ድመቷ ነበረች» አለ ምናሴ።

«ጋሼን አሁን ካላሳያችሁኝ የዚህን ቤት በር ሁሉ እየከፈትኩ እፈልጋለሁ!»

ተነሣች። ሰዓቱም ሰባት ሆነ።

«ሃሎ ደምመላሽ!» አለ የጋሽ ወንድይፍራው ድምፅ፣ ከቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ኋላ።

«አቤት ወንድሜ!» አለ የአባቷ ድምፅ፣ ከቦርሳዋ ውስጥ። «ልጄን ሰማሃት?»

ምናሴ ወደ ቡፌው ዘለለ። እናቱ ክንዱን ያዙት።

«ሰማኋት። እኔን ካላየሁ ብላ ቤቱን እያመሰችው ነው።»

«አልነገሯትም?»

«ምን ሊነግሯት! ከሞትሁ አምስት ዓመቴ፤ አንተ ስኳር አለብህ፣ ትደነግጣለህ ብለው ዛሬም ሐኪም ቤት አስተኝተውኛል። እሷስ ያንተን ተናገረች?»

«ጉልበቱን አሞት ነው አለች።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ የሁለት ሽማግሌዎች ሳቅ ነበር፤ መሐሉ ላይ ሳል አለበት።

«እመጣለሁ ባልል ኖሮ እኮ እነዚህ ሰዎች አይገናኙም» አለ ቦርሳው። «አሁኑኑ እንንገራቸው?»

«ኧረ ነውር ነው!» አለ ቡፌው። «መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። እህል ፊት ለተቀመጠ ሰው እንዴት ተደርጎ? ይብሉ። ነገ ማለዳ እኛው እንነግራቸዋለን።»

«እሺ። ማለዳ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ሁሉም ምንም እንዳልሰሙ ሆኑ። ምናሴ የሰላጣውን ሳህን ወደ ውብአንቺ ገፋ አደረገ። ውብአንቺ ተቀመጠች። አባቷ የመጨረሻ ዓመታቸውን፣ እሑድ እሑድ፣ ትዳርና ፖለቲካ ሲያወሩ የከረሙት ከቡፌ ጋር እንደነበር አሁን ገባት። ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ከማን እንደምትጀምር ስታስብ ከራሷ ሆነባትና ዘጋችው።

እትዬ አስካለ ግን ማለዳን አልጠበቁም። ቀስ ብለው ተነሡ፤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና አዘቅዝቀው ለበሱት።