በሟች ስም የገባው ሰው

ዛኪርን ሞቶ ያገኘችው የቢሮው የጽዳት ሠራተኛ ቶይባ ናት። ጠዋት በሩን ከፍታ ስትገባ የታፈነ የቤንዚን ጭስ ፊቷን መታው። ጄኔሬተሩ ኮሪደሩ መሃል ቆሟል፤ ነዳጁን ጨርሶ ቀዝቅዟል። ዛኪር ደግሞ በውስጠኛው ክፍል ላፕቶፑ ላይ እንደተደፋ ቀርቷል።

መርሳ ያለው ይህ ቢሮ በጦርነቱ የጠፉ ሰዎችን የሚያፈላልግ ትንሽ ማኅበር ነው። አካባቢው በታጣቂዎች እጅ በነበረባቸው ወራት ማን እንደተወሰደ፣ ማን የት እንደታየ ከምስክሮች እየሰማ ይመዘግባል። ቢሮ ይቃጠላል፣ ኮምፒውተር ይዘረፋል በሚል ፍርሃት የተመዘገበው ሁሉ የሚቀመጠው ክላውድ በሚባለው የሩቅ የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ነበር። የዚያ የመረጃ ቋት፣ የዳታቤዙ ኃላፊ ዛኪር ነው።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ትርንጎ ከወልዲያ ስትደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ማታ ያልታሰበ የግንቦት ዝናብ ጥሏል፤ ልጁ ጄኔሬተሩ እንዳይበሰብስ አስገባው፤ ጭሱ ገደለው። አለቀ።

ትርንጎ አስከሬኑን ቆማ አየችው። የዛኪር ቀኝ ክንድ በፋሻ ታስሮ ከአንገቱ ተንጠልጥሏል።

«ክንዱን ምን ሆኖ ነው?» ስትል ዘበኛውን ደጀንን ጠየቀችው።

«የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ነው። ከዚያ ወዲህ አልዳነለትም።»

«ጄኔሬተሩን ለብቻው ሊያስገባው ይችላል?»

«በአንድ እጁ? እኔ እንኳ በሁለት እጄ እየጎተትኩ ነው። ቦታውም ደጅ፣ ቆርቆሮው ሥር ነው።»

«ማታ የት ነበርክ?»

«ውርጌሳ፣ ለቅሶ። አቶ ሙሄዲን ደውለው ፈቀዱልኝ።»

ሙሄዲን የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ የሚቀመጠውም ወልዲያ ባለው ሌላ ቢሮ ነው። ትርንጎ ወደ ቶይባ ዞረች። ሴትዮዋ ጥግ ላይ ተቀምጣ መጥረጊያዋን ጭኗ ላይ አጋድማለች።

«እትዬ ቶይባ፣ ሲመጡ በሩ ተቆልፎ ነበር?»

«የለም፣ እንዲሁ ተገጥሞ ነበር። ግን ሥሩ ጆንያ ተወትፎበታል። እሱን አንስቼ ነው የገፋሁት።»

«ጆንያው ከውስጥ ነው ከውጭ?»

«ከውጭ ነዋ፣ ልጄ። ዝናብ አርሶታል።»

ትርንጎ ጎንበስ ብላ ጆንያውን ዳሰሰችው። ጭስ የገደለው ሰው በሩን ከውጭ አይወትፍም።

መዝጋቢዋ ኢብቲሳም ዓይኗ አብጦ ነበር። ለሁለት ዓመት ከዛኪር ጎን ተቀምጣ ሠርታለች።

«ትናንት ከሰዓት ፊቱ ልክ አልነበረም» አለች። «‹የሞተ ሰው ገብቶ ምስክርነት ሰርዞብናል› አለኝ። እንደ ቀልድ ቆጥሬው ሄድኩ።»

«ምን አይቶ ነው እንዲህ ያለው?»

ኢብቲሳም ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። «በዳታቤዙ ውስጥ አካውንት ያላቸውን ሁሉ ዘርዝር የሚለው ትእዛዝ ይሄ ነው» ብላ ጻፈች፦

SELECT user, host FROM mysql.user;

ስሞች ተደርድረው ወጡ። ጥቂቶቹ ክላውዱ ራሱ የፈጠራቸው ናቸው፤ የቀሩት የሰው ናቸው። ዛኪር፣ ኢብቲሳም፣ ሙሄዲን። ከሥር ደግሞ ዘይነባ።

«ዘይነባ መዝጋቢ ነበረች» አለች ኢብቲሳም ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ስንሸሽ መንገድ ላይ ሞተች። አማን የሚባል ሌላ ባልደረባችንም ሞቷል። እንደተመለስን ዛኪር የሁለቱንም አካውንት አጠፋ፤ አጠገቡ ነበርኩ። አሁን የዘይነባን መልሶ የፈጠረው ሰው አለ።»

«ማን መፍጠር ይችላል?»

«የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ያለው ነው። ዛኪር፣ እኔና አቶ ሙሄዲን።»

ትርንጎ ጣቷን ከስሞቹ ጎን ባለው ዓምድ ላይ አሳረፈች። «ይሄስ?»

«ሰውየው ከየት እንዲገባ እንደተፈቀደለት ነው። የእኛ የመቶኛ ምልክት ነው፤ ከየትም እንገባለን ማለት ነው። የዘይነባ ግን ቁጥር ነው። የየት እንደሆነ አላውቀውም።»

ትርንጎ ቁጥሩን በስልኳ ፎቶ አነሳችው። «የተሰረዘውስ የማን ቃል ነው?»

«የሼህ አብዱልሐሊም። ሦስት ልጆች ሲቀበሩ በዓይናቸው አይተዋል። የልጆቹን ስም አያውቁም፤ ቦታውን ግን፣ የጠቆመባቸውንም ሰው ለዛኪር ብቻ ነገሩት። ከዚያ መጠለያ ጣቢያ ሳሉ አረፉ።»

«ሌላ ቅጂ የለም?»

«ክላውዱ የድሮውን ቅጂ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚያቆየው። የዚህ የመጨረሻው ቀን ትናንት ነበር። ዛኪር ማታ ያመሸው እሱን ሊመልስ ነው። አሁን የለም። እኔም ሞክሬያለሁ፣ የለም።»

ሙሄዲን እኩለ ቀን ላይ መጣ። ቁመናው የሚያስከብር፣ ንግግሩ የረጋ ሰው ነው። ቀኝ መዳፉ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«እጅዎን ምን ነካው?»

«ብርጭቆ ቆረጠኝ።»

«ማታ የት አመሹ?»

«ወልዲያ፣ ቤቴ።»

«ዳታቤዙ ውስጥ በሟች ሠራተኛ ስም ሲገባ የነበረ ሰው አለ። ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም። ስለ ኮምፒውተርም ብዙ አላውቅ።» ራሱን ነቀነቀ። «ግን ነውር ነው። ዘይነባን አላህ ይዘንላት፣ ስሟን እንኳ አያሳርፏት!»

ትርንጎ አመስግና አሰናበተችው። ወልዲያ ላለው ረዳቷም ደወለችና ወደ ሙሄዲን ቢሮ ላከችው።

ከቀብር መልስ አራቱንም ዛኪር በሞተበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ዛኪር በአንድ እጁ ጄኔሬተር አይጎትትም፤ ውስጥ ተቀምጦም በሩን ከውጭ አይወትፍም» አለች። «ስለዚህ ተገድሏል። ግን ያን ከባድ ነገር ሰው ሲጎትትበት እንዴት ዝም አለ? የሚያምነው ሰው ‹ዝናቡ እስኪያባራ ላስገባልህ፣ መብራት እንዳይጠፋብህ› ስላለው ነው። የቅጂው ቀን ሳያልቅበት ሊያወርድ ቸኩሏል። እሺ ይላል።»

«ማን?» አለ ደጀን።

«ዘይነባን መልሶ የፈጠራት። ይህ ሰው በስሟ ሌላ እንዳይገባበት ተጠነቀቀና አካውንቷን ለአንድ አድራሻ ብቻ ከፈተው። ያጠፋው ግን ይኸው ጥንቃቄው ነው። ቁጥሩ የወልዲያ ቢሮ የኢንተርኔት አድራሻ ነው። ረዳቴ እዚያው ሄዶ አረጋግጧል።»

ሙሄዲን ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ወልዲያ ብዙ ሠራተኛ አለ።»

«ከእነሱ መካከል የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ያለዎት ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። እኔ ‹በሟች ስም› አልኩ እንጂ ዘይነባ አላልኩም። የሞቱት ሁለት ናቸው፤ አማንም አለ። እርስዎ ግን ሳይነገርዎ ዘይነባን አነሱ። የዛኪር ስልክ ላይ የመጨረሻው ጥሪም ለእርስዎ ነው። ጨርቁን ይፍቱት እስቲ።»

ሙሄዲን አልተንቀሳቀሰም። ደጀን ተነስቶ እጁን ያዘና ፈታው። ብርጭቆ የቆረጠው መዳፍ አልነበረም፤ ቆዳው ተልጦ፣ ውሃ ቋጥሯል።

«የሚሠራ ጄኔሬተር የጭስ ማውጫ እንዲህ ያቃጥላል» አለች ትርንጎ።

ሙሄዲን እጁን መልሶ ሳበ። «ታጣቂዎቹ ልጆቼ ፊት መሣሪያ ደቀኑብኝ» አለ። «ወጣቶቹ የተደበቁበትን አሳይ አሉኝ። አንድ ቤት ነው ያሳየሁት። አንድ ቤት! ሼሁ አይተውኝ ኖሯል። ዛኪርን ተው ብዬ ለመንኩት፤ እናቶቻቸው ይወቁ አለኝ። ማታ መጥቼ እሺ፣ ይወቁ ብዬ የተስማማሁ መሰልኩት፤ አመነኝ።»

«እነማን ነበሩ ልጆቹ?» አለች ቶይባ።

ከተሰበሰቡ ወዲህ ድምጿ አልተሰማም ነበር። ሙሄዲን ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም።

«ዓሪፍ ነበረበት?»

ኢብቲሳም ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። የቶይባ ልጅ ዓሪፍ ከጠፋ ወዲህ እናቱ ይህን ቢሮ የምትጠርገው ወሬው ቢመጣ ቀድሜ እሰማለሁ ብላ ነው።

«ነበረበት» አለ ሙሄዲን።

«የት ቀበሩት?»

«አላውቅም።»

«ሙሄዲን፣ አልረግምህም። ቦታውን ብቻ ንገረኝ።»

«ወላሂ አላውቅም። መኪና ላይ ጭነው ወደ ሐራ በኩል ሲሄዱ ነው ያየሁት። ቦታውን ያዩት ሼሁ ናቸው።»

ትርንጎ ላፕቶፑን አየችው። ብዙ የግድያ ጉዳይ ዘግታለች፤ እውነቱን ደርሳበት ማንንም ያልጠቀመችበት ግን ይህ ነው።

በነጋታው ሙሄዲንን ይዛ ወደ ወልዲያ ስትመለስ ቶይባን መንገድ ላይ አገኘቻት። ዶማ ተሸክማ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በአስፋልቱ ዳር ትሄዳለች። ትርንጎ መኪናውን አስቆመችና ወረደች።

«የት ነው እትዬ ቶይባ?»

«ሐራ።»

«የሐራ ሜዳ ሰፊ ነው እኮ። በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።»

ቶይባ መኪናው ውስጥ ያለውን ሰው ዞራ አላየችውም። ዶማዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች።

«አውቃለሁ» አለች። «ከዳሩ እጀምራለሁ።»