የሌውሪ ክርን

«ወረቀቱን ወደነበረበት መልሺው» አለ ኤሪቤርቶ፣ የቢሮውን በር ከኋላው እየዘጋ።

ያሪትሳ አልተንቀሳቀሰችም። ከትምህርት ቤት ስትወጣ የቤት ሥራዋን የምትሠራው አባቷ ጠረጴዛ ላይ ነው። ማስመሪያ ስትፈልግ ነበር መሳቢያው ውስጥ የአባቷ ቤዝቦል ክለብ ኳስ ወርዋሪ የሆነውን የሌውሪን የምርመራ ውጤት ያገኘችው። የክርኑ ጅማት በግማሽ ተበጥሷል፤ ኳስ እንዳይወረውር ይላል። የተጻፈው ሰኞ ነው። ሌውሪ ግን ማክሰኞ ቤታቸው እራት ሲበላ «ድካም ብቻ ነው ብለውኛል» ብሎ ሲስቅ ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ የፍጻሜውን ጨዋታ በመወርወር የሚጀምረው እሱ ነው።

«አባዬ፣ ለምን አልነገርከውም?»

«አንድ ጨዋታ ነው የቀረው። ከዚያ ራሴ አሳክመዋለሁ።»

«አንተንም እንዲህ ነበር ያሉህ?»

ኤሪቤርቶ አሜሪካ ሰባት ዓመት ኳስ ወርዋሪ ሆኖ ተጫውቷል። በሃያ ስምንት ዓመቱ ክንዱ ሲያመው «ድካም ነው» አሉት፤ ወረወረ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጁ ከትከሻው በላይ አይነሳም፤ ጢሙን እንኳ የሚላጨው በግራው ነው። ወደ ሀገሩ ተመልሶ አቧራማ ሜዳ ላይ ሕፃናት አሠለጠነ፣ ተጫዋች መለመለ፤ ዘንድሮ የክለቡ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ሌውሪንም በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከሰፈር ሜዳ ያነሳው እሱ ነው።

«ዋንጫው ካልመጣ ነገ እዚህ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ነው የሚቀመጠው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሌላ የማውቀው ሥራ የለም፣ ልጄ።»

ቢጮኽባት ይሻላት ነበር። ወረቀቱን መልሳ መሳቢያውን ዘጋችና ቦርሳዋን አነሳች። ስልኩ ጠራ፤ እሱም ነገሩ ያለቀ መስሎት አነሳው።

ወደ ሜዳው ወረደች። ሌውሪ ከአጥሩ ሥር ኳሱን ጓንቱ ውስጥ እየመታ ሰውነቱን ያሟሙቃል።

«አለቃችን መጣች» አላት። «ዛሬም ሒሳብ ወደቅሽ እንዴ? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«ክርንህ ድካም አይደለም፣ ሌውሪ። ጅማትህ ተበጥሷል። ውጤቱን አንብቤዋለሁ።»

ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ክንዱን የሌላ ሰው ይመስል ገልበጥ አድርጎ አየው። ስለ ጨዋታው አልጠየቃትም፤ ይድን እንደሆነም አልጠየቃትም።

«አባትሽ ያውቃል?» አለ።

ያሪትሳ ቀና ብላ የቢሮውን መስኮት አየች። አባቷ ጀርባውን ሰጥቶ ስልክ ያናግራል። ውጤቱ ገና አልደረሰውም ብትል ሌውሪ ያምናታል። እንዲያውም እንደዚያ እንድትለው የሚለምናት ይመስል ዓይኗን ዓይኗን ያያል።

«ያውቃል» አለችው።