የአማኑ ምስክር

«ቅመሺ» አላት በር ላይ የቆመው ፖሊስ።

ውዳሴ የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፈተችና እንጀራ ቆርሳ ሽሮውን አጥቅሳ ጎረሰች። ለታሳሪ የመጣ ምግብ ያመጣው ሰው ካልቀመሰው ወደ ውስጥ አይገባም። ፖሊሱ እስክትውጥ ጠብቆ ወደ ውስጥ ተጣራ። ትንሽ ቆይቶ ታላቅ ወንድሟ አማኑ ማሰሪያ የሌለው ጫማውን እየጎተተ ወጣ።

በሽቦው አጥር ወዲያና ወዲህ ቆሙ። ስለ እናታቸው ጤና ጠየቃት፤ ስለ ትምህርቷም ጠየቃት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማዬ ነግራሻለች አይደል? ነገ መርማሪው ቃልሽን ይቀበላል። ‹የዚያን ዕለት ከሥራ በጊዜ ገብቶ ከእኔ ጋር ቤት ነበር› በይው። ሌላ ምንም እንዳትጨምሪ።»

ውዳሴ የምሳ ዕቃውን ክዳን መልሳ ገጠመች።

«ውድዬ፣ ይሄን ነገር እኮ ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ» አላት ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «ስንት መጽሐፍ አንብበናል። አንድ የማይነቃነቅ ምስክር ካለ ክሱ አለቀለት ማለት ነው።»

እውነቱን ነው፤ ብዙ አንብበዋል። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ቤቱን የያዘው አማኑ ነበር። አየር ጤና ካለው ጋራዥ ሲመለስ፣ ግራሶ በሚሸት እጁ ከአዟሪ የተከራየውን መጽሐፍ በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣል። ሁልጊዜም የፍርድ ቤት ታሪክ ነው፤ ወደ አማርኛ የተተረጎመ፣ ሽፋኑ የተላጠ። መጀመሪያ እሱ ያነበዋል፤ ከዚያ ለእሷ ይሰጣታል። ግማሹ ላይ ስትደርስ ይነጥቃትና «እሺ፣ ገዳዩ ማነው?» ይላታል። አጥር የሚጋራቸው ጎረቤታቸውና የአማኑ የሥራ ባልደረባ ለሊሳ ካለ ደግሞ መጽሐፉን ሳያነብ «ጠበቃው ነው» ይላል። ሁልጊዜ ጠበቃው ነው የሚለው። ሁልጊዜም ይሳሳታል፤ ሁልጊዜም ይስቃሉ።

ውዳሴ እነዚያን መጻሕፍት የምትወዳቸው በመጨረሻ ሁሉም ነገር ስለሚታወቅ ነበር። ሰፈር ውስጥ ሰው ይጣላል፣ ይታማል፣ ማን እንደበደለ ሳይለይ ይረሳል። እዚያ ውስጥ ግን ጠበቃው ቀስ ብሎ ይነሳና አንዲት ቀላል ጥያቄ ይጠይቃል፤ ውሸታሙን ምስክር ላብ ያጠምቀዋል። እዚያ ገጽ ላይ ስትደርስ ልቧ ይዘላል። ያ ምስክር የማን እህት ወይም የማን እናት እንደሆነ ግን አንድም ቀን አስባ አታውቅም።

አማኑና ለሊሳ የተጣሉት በአንድ ደንበኛ መኪና ነበር። የቀሩት ሠራተኞች ወጥተው ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ለሊሳ «አማኑ በብረት መታኝ» ይላል። አማኑ ደግሞ ቀድሞ እንደወጣ ይናገራል። የለሊሳ ግራ ዓይን ከእንግዲህ አያይም።

የዚያን ዕለት አማኑ ቤት የገባው ከመሸ በኋላ ነው። ሰላም ሳይላት በቀጥታ ወደ ቧንቧው ሄዶ ሸሚዙን ማጠብ ጀመረ፤ ልብሱን ራሱ አጥቦ የማያውቀው ልጅ። «ልጠብልህ?» ብላ ቀረበችው። ቀና ብሎ ሳያያት «ተይው» አላት። ከሸሚዙ የሚወርደው ውሃ ቀልቶ ነበር፤ ግራሶ አልነበረም።

ፍርድ ቤት በቀረበ ጊዜ ውዳሴ ከእናቷ ጋር ሄዳ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የዳኛዋም ድምፅ እምብዛም አይሰማም። ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ቀን ጠየቀ፤ ተፈቀደለት፤ ወዲያው ሌላ ሰው ተጠራ። ያቺን አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ የተነሳ የለም። ውዳሴም ወጥታ ደረጃው ላይ ስትደርስ አንድ ነገር ገባት፤ ብትዋሽ ማንም ላይይዛት ይችላል።

ባዶውን የምሳ ዕቃ ይዛ ስትመለስ ለሊሳና እናቱ እትዬ ዋጋነሽ ከታክሲ ሲወርዱ አገኘቻቸው። ዘነበወርቅ ሆስፒታል ውለው መምጣታቸው ነበር። እትዬ ዋጋነሽ አይተዋት ምንም ሳይናገሩ ወደ ፊት አለፉ። ለሊሳ ግን ቆመ። ዓይኑ ላይ የተለጠፈው ነጭ ፋሻ ግማሽ ፊቱን ሸፍኖታል። የምሳ ዕቃውን አየና ከየት እንደመጣች ገባው።

«እንዴት ነው?» አላት።

«ደህና ነው።»

«ሆነ ብሎ ያደረገው አይመስለኝም። ንዴት ነው» አለ ለሊሳ። ፋሻውን በጣቱ ነካ አደረገ። «ግን አልነበርኩም ማለቱ... እሱ ከዓይኔ በላይ አመመኝ፣ ውዱ።»

ለሊሳ የአጥሩን ቆርቆሮ በእጁ እየዳበሰ እናቱን ተከትሎ ሄደ።

ቤት ስትገባ እናቷ ወይዘሮ ሸዋገነት ስለ ነገ ደጋግመው ነገሯት። ጉሊት ውለው እግራቸው አብጧል። አማኑ ታስሮ ከቀረ ማን አለን እያሉ አለቀሱ። ውዳሴ እግራቸውን በሞቀ ውሃ አጠበችላቸው።

በማግስቱ ከቀጠሮዋ ቀደም ብላ ቁርስ ይዛ ሄደች። አማኑ ወደ አጥሩ ሲጠጋ ፊቱ ላይ ተስፋ ይታይ ነበር።

«ሸሚዝህን ስታጥብ አይቻለሁ ነው የምለው» አለችው። «ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው የመጣሁት።»

አማኑ ሽቦውን በሁለት እጁ ያዘ። ረጅም ጊዜ አያት።

«ወንድምሽ እኮ ነኝ።»

«አውቃለሁ።» ለሊሳ ያላትን ነገረችው፤ ከእሷ በፊት ራሱ እውነቱን ለመርማሪው ሊናገር እንደሚችልም ነገረችው። አማኑ ሽቦውን ለቀቀ። ቁርሱን ሳይቀበላት ጀርባውን ሰጥቷት ገባ። ጫማው ሲጎተት እስኪጠፋ ድረስ ትሰማው ነበር።

መርማሪው ሲጠራት ዕንባዋን በሹራቧ እጅጌ ጠርጋ ገባች። ሰውዬው ወንበር አሳያትና ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የምትማርበትን ክፍል ጠየቃት። ሁሉንም መለሰች።

«ከተጠርጣሪው ጋር ምን ዝምድና አለሽ?»

ውዳሴ ወንበሩ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ያሳደገኝ ወንድሜ ነው» አለች። ከዚያ ያየችውን ከመጀመሪያው ጀምራ መናገር ጀመረች።